ጥንቸሏና እግር የሌለው ሌባ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የፈረምኩት የመጨረሻ ወረቀት የንብረት ርክክብ ቅጽ ነበር። መቅረጸ ድምፅ አንድ፣ የእጅ ባትሪ አንድ፣ የፕላስቲክ ወንበር አንድ። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ እያንዳንዱን ዕቃ እየጠራ ምልክት አደረገና ቀና ብሎ፣ «ጋሽ ደምሴ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሲሠሩ የሚቆጭዎት ዜና አለ?» አለኝ። ፊርማው እስኪደርቅ ጨዋታ ለማንሣት ያህል ነው የጠየቀው።

«አለ» አልኩት። «ስለ ጥንቸል የሠራሁት።»

ከልቡ ሳቀ። የቀለድኩ መስሎታል። እኔም አላስረዳሁትም፤ ቅጂዬን ተቀብዬ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ጥያቄው ከዚያ የተሻለ መልስ ይገባው ነበር። ይህ ጽሑፍ ያ መልስ ነው።

ሥራ የጀመርኩት አዋሽ ነው። አባቴ የባቡር ጣቢያው የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ስለነበር ያደግሁት እዚያው በጣቢያው ሠፈር ነው። ጎረቤቶቻችን ክርስቲያንም እስላምም ነበሩ፤ አብዛኛው ከደጋ የመጣ፣ ሁሉም በባቡር ደወል የሚነሣና የሚተኛ። ከመንግሥት ለውጡ በኋላ የጅቡቲው ጭነት ቀስ በቀስ ከሐዲዱ ወደ አስፋልቱ ሲያዘነብል፣ ከተማዋ ከባቡር ከተማነት ወደ ሹፌር ከተማነት ተለወጠች። ዜናውም አብሮ ተለወጠ። ድሮ ወሬ የሚደርሰው ባቡሩ በሚደርስበት ሰዓት ነበር። አሁን ከባድ መኪና በቆመበት ሰዓት ሁሉ ይደርሳል።

ያን ወሬ እያነጠረ ዜና የሚያደርግ ሰው ጋሽ ሰይፉ ነበሩ። ድሮ የባቡሮችን መነሻና መድረሻ መዝጋቢ ነበሩ፤ በኋላ በወኪልነት ለራዲዮ ዜና ይልኩ ጀመር። እኔ ረዳታቸው ሆኜ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ለሻይና ለጫማ ይበቃ ነበር፤ በተለይ ለጫማ፤ ምክንያቱም ጋሽ ሰይፉ ያስተማሩኝ ሥራ በአብዛኛው መራመድ ነበር።

ልማዶቻቸውን ዛሬም መዘርዘር እችላለሁ። ከመንገድ የገባን ሰው ውኃ ሳይጠጣ ምንም አይጠይቁትም። «የጠማው ሰው ጥያቄህን ቶሎ ለመጨረስ ይመልስልሃል» ይላሉ። እስክሪብቶ በአዋሽ ሙቀት ቀለሙ እየፈሰሰ ስለሚያስቸግር በእርሳስ ነው የሚጽፉት፤ እርሳሱን በምላጭ ሲቀርጹ ስለ ምንም አያወሩም። ለምስክር ሁሉ የሚያስቀድሙት ጥያቄ ደግሞ አንድ ነው፦ «የት ቆመህ ነበር?»

አንድ ቀን ከመኢሶ በኩል የመጣ ሹፌር ሐዲዱ ላይ ፉርጎ እየተቃጠለ ነው ብሎ ከተማውን አሸበረ። ጋሽ ሰይፉ ውኃ አጠጡትና ጠየቁት።

«የት ቆመህ አየኸው?»

«አልቆምኩም። እየነዳሁ ነው ያየሁት።»

«ከመንገዱ እስከ ሐዲዱ ስንት እርምጃ ይሆናል?»

«ኧረ ሽማግሌው! እኔ ሹፌር ነኝ ወይስ ቀያሽ?»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ጋሽ ሰይፉም ሳቁ፤ ከዚያ ኮፍያቸውን አድርገው ሐዲዱን ይዘን በእግር ሄድን። ሲቃጠል የደረስንበት ከመስመሩ ዳር የተከመረ አሮጌ የሐዲድ እንጨት ነበር። ከሰል አክሳዮች ናቸው እሳቱን የለቀቁበት። ስንመለስ ሹፌሩ አሁንም ስለ ፉርጎው ያወራል። ጋሽ ሰይፉ አላረሙትም። ደብተራቸውን ከፍተው ጻፉ።

ደብተራቸው በሦስት ዓምድ የተሰመረ ነበር። አንደኛው «ያየሁት»፣ ሁለተኛው «የሰማሁት»፣ ሦስተኛው «ያልደረስኩበት» ይላል። ሦስተኛው ዓምድ መጀመሪያ አይገባኝም ነበር። ሰው ያልደረሰበትን ምን ብሎ ይጽፋል? «ይኸው፣ ከእንጨቱ ክምር ወዲያ ያለውን ኩርባ አላየሁም፤ ስለዚህ እዚያ ፉርጎ የለም ብዬ መጻፍ አልችልም» አሉኝ። በማግሥቱ ማልደው ብቻቸውን ሄደው ኩርባውን አይተው ተመለሱ። ፉርጎ አልነበረም። ዜናም አልሆነም።

ከእሳቸው ዘንድ ስለይ ገዋኔ ተመደብኩ፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ሰመራ ወደ ዜና ክፍል ተዛወርኩ። ሰመራ ያኔ ቢሮው ከመንገዱ ቀድሞ የተሠራባት፣ ጥላ ከወንበር የሚበልጥ ክብር የሚያገኝባት ከተማ ነበረች። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ወረቀታችንን በድንጋይ አስይዘን ነበር የምንጽፈው። አለቃዬ አቶ ከድር ከወሎ የመጡ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ዜና ስሰጣቸው ሳያነቡት በፊት እርሳስ ያነሣሉ። «እስቲ መጀመሪያ ጌጡን እናውጣለት» ብለው «በእጅጉ»፣ «ከፍተኛ»፣ «አስደናቂ» የሚሉትን ሁሉ ይሰርዛሉ። ከስረዛው የተረፈው ነው የሚነበበው። እኔም በአፋርኛ መግባባት ስለምችል ወደ ወንዙ ዳር የሚያስኬድ ሥራ ሲኖር የምላከው እኔ ነበርኩ።

ስለ ዳጉ እዚህ ላይ ልጻፍ፤ ሳላነሣው ባልፍ ቀጥሎ የሚመጣው አይገባም። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ብቻ አይተላለፉም፤ ቁጭ ብለው ወሬ ይሰጣጣሉ። ያን ዳጉ ይሉታል። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውንና ከሌላ የሰማውን ለይቶ፣ የሰማውንም ከማን እንደሰማ ጠቅሶ መናገር አለበት። ሰሚውም የሰማውን ሳይቀንስና ሳይጨምር ለሚቀጥለው ያደርሳል። የጨመረ ሰው ስሙ ይጠፋል። ጋሽ ሰይፉ በደብተር የሚሠሩትን እነሱ በቃል ይሠሩታል።

እንግዲህ የጥንቸሏ ነገር እንዲህ ነው።

ከገዋኔ አለፍ ብሎ፣ ወደ አዳይቱ በሚወስደው በኩል፣ በወንዙ ዳር አንድ የአርብቶ አደሮች ማኅበር ነበር። ከብታቸው በድርቅ ያለቀባቸው ቤተሰቦች ቁራሽ ቁራሽ መሬት እየተሰጣቸው፣ ከወንዙ በተጠለፈ ውኃ ጥጥ ይዘሩ ነበር። መሬቱ ትንሽ፣ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ስለነበር ማኅበሩ አንድ ደንብ አወጣ፦ ሰብሉን ሳይጠብቅ እንስሳ ያስበላ ሰው መሬቱን ለተረኛው ይለቃል። ደንቡ የታሰበው ለፍየልና ለግመል ነው። በእረኛ አገር ይህ ፍትሐዊ ደንብ ነው፤ እንስሳ ሰብል ከበላ የተኛ ሰው አለ ማለት ነው።

መዲና የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ከመጨረሻዎቹ ማሳዎች አንዱ ደርሷት ነበር። ፍየሎቿ አልቀዋል፤ ሦስት ሴት ልጆች አሏት። ከዚያ መሬት ሌላ ምንም አልነበራትም።

በሚያዝያ መጨረሻ ላይ ቡቃያ እየጠፋ ነው የሚል ወሬ ሰመራ ደረሰ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ለምኜ ተሳፈርኩ። የማኅበሩ ማሳ ከአስፋልቱ ብዙም አይርቅም። ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ «ደምሴ፣ ጎማዬ ሳይቀልጥ ተመለስ» አለኝ።

ማሳው ጠዋት ውኃ ጠጥቶ ነበርና ጭቃ ነው። ጫማዬ አዲስ ነበር። ይህን የምጽፈው ሰበብ ለመፍጠር አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ዳሩ ላይ ቆምኩ።

የተቀበለኝ የማኅበሩ ሽማግሌ ሁመድ ነው። በዚያ አገር ፈለግ በማንበብ የሚስተካከለው አልነበረም። የጠፋች ግመል ስትፈለግ የሚጠራው እሱ ነው። በማሳው ጠርዝ ቁጢጥ ብሎ አሸዋው ላይ ያለውን ምልክት በጣቱ አሳየኝ።

«ጥንቸል ናት። ሁለት ናቸው። አንዷ የኋላ ግራ እግሯን ታነክሳለች።»

ቀጥሎ ቡቃያዎቹን አሳየኝ። ግንዳቸው በምላጭ እንደተቆረጠ ሰያፍ ሆኖ ተቀንጥሷል። አጠገቡ ክብ ክብ ደረቅ በጠጥ አለ። ሁሉንም በዓይኔ አየሁ። ከጠርዙ ወደ ውስጥ ስመለከት፣ በተለይ በመዲና ማሳ መሃል፣ ቡቃያ የሌለበት ባዶ አፈር ይታያል።

«መሃሉስ?» አልኩት።

«መሃሉ ባዶ ነው» አለ ሁመድ።

ቃሉ ይህ ብቻ ነበር። መሃሉን ጥንቸል በላው አላለም። ሰውዬው በዳጉ ያደገ ሰው ነውና ካየው አልጨመረም። የጨመርኩት እኔ ነኝ። ጠርዙን ከመሃሉ ጋር ያጋጠምኩት እዚያው መኪናው ውስጥ፣ ወረቀቴን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው። ከጋሽ ሰይፉ የወረስኩትን «ያልደረስኩበት» የሚለውን ዓምድ ያን ቀን ባዶውን ተውኩት።

ዜናው «በገዋኔ አካባቢ የጥጥ ቡቃያ በጥንቸል ተበላ» የሚል ነበር። አቶ ከድር «በእጅጉ» የሚለውን አወጡለት። ከዚያ በኋላ ምንም የማይወጣለት፣ ንጹሕ የሚመስል ዜና ሆነ። ዕለቱን በአማርኛም በአፋርኛም ተላለፈ።

ከሳምንታት በኋላ የዜና ክፍሉ ስልክ ጮኸ። የደወለችው የገዋኔዋ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ሰናይት ነበረች። ሰናይት ከደብረ ብርሃን የመጣች፣ ሙቀቱን በቀልድ የምታሸንፍ ልጅ ናት።

«ጋሽ ደምሴ፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ጥንቸል ሥር ታጠቁራለች እንዴ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እሱን እኔ ልጠይቅህ እንጂ! በራዲዮ የፈረድክባት አንተ ነህ። እኔም አንተም የማንበላትን እንስሳ አሥር ውሻ አስለቅቀህ አስፈጀሃት።» ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «ቀልዱን ተወውና ና። መዲና መሬቷን ተቀምታለች።»

በማግሥቱ ገዋኔ ደረስኩ። ሰናይት ጠረጴዛዋ ላይ ነጭ ወረቀት ዘርግታ ሁለት ቡቃያ ጎን ለጎን አስተኝታ ጠበቀችኝ።

«ይህን ውሾቹ ካልደረሱበት ማሳ ጠርዝ ነው ያመጣሁት፤ ይህን ከመዲና ማሳ መሃል። በል እይ፤ እኔ አልናገርም።»

አየሁ። የጠርዙ ቡቃያ ግንዱ አረንጓዴ ነው፤ የተቆረጠበት ቦታ ሰያፍና ንጹሕ። ሥሩ ነጭ፣ ጤነኛ። የመሃሉ ቡቃያ አልተቆረጠም። ቅጠሉ እንኳ ገና ሙሉ ነበር። ግንዱ ግን አፈሩን በሚነካበት ቦታ ቡናማ ሆኖ እንደ ክር ቀጥኗል፤ ሥሩ ጠቁሯል። በጣቴ ስነካው ተቀነጠሰ።

«ፈንገስ ነው» አለች። «አፈር ውስጥ ይኖራል። ውኃ የቆመበት ቦታ ያገኝና ቡቃያውን ከአንገቱ ይይዘዋል። ቡቃያው ይወድቃል፣ በሁለት ቀን ፀሐይ ይደርቃል፣ ነፋሱ ይጠርገዋል። አንተ ስትደርስ ባዶ አፈር ነው የምታየው። የተበላ ይመስላል።»

«ታዲያ ጥንቸሏ?»

«ጥንቸሏም በልታለች፤ አልዋሸህም። ግን ጥንቸል ከውጭ ነው የምትመጣው፤ ከጠርዝ ጀምራ ጥቂት ቀንጥሳ ትሄዳለች። በጠጧን ትታልህ፣ እግሯን አትማልህ ነው የምትሄደው። ይህኛው ግን ከመሃል ይጀምራል፤ ክብ እየሠራ ይሰፋል፤ ምንም አይተውም። እሷ ጤነኛውን ትመርጣለች፤ እሱ የቆመውን ሁሉ ይወስዳል።»

ይህ ሁሉ የሰብል ጥበቃ ትምህርት ብቻ ቢሆን ኖሮ ማስታወሻዬን ይዤ እመለስ ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነበር። ዜናው በአፋርኛ ሲነበብ የማኅበሩ ሰው ሁሉ ሰምቷል። በውሻ አሰሳ ወጥተው ጥንቸሎቹን ፈጅተዋል። ጥንቸል እንስሳ ናት፤ እንስሳ ከበላ ያልጠበቀ ሰው አለ። ከሁሉ የበለጠ ባዶ የሆነው የመዲና ማሳ ነው። ስለዚህ ያልጠበቀችው መዲና ናት። በደንቡ መሠረት መሬቷ ለተረኛው ተሰጠ። ፈንገስ ቢባል ኖሮ ማንም ጥፋተኛ አይሆንም ነበር፤ ፈንገስን የሚጠብቅ እረኛ የለም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለእኔ አንድ ቃል ነበር። ለእሷ መሬቷ ነበር።

ከሰናይት ጋር ወደ ማሳው ሄድን። ዳሩ ላይ ስንደርስ ጫማዋን አወለቀች። እኔም አወለቅኩ። በቦዩ ውስጥ ገብተን እስከ መጨረሻው ሄድን። መሬቱን የተረከበው ሰውዬ በላዩ እንደ አዲስ ዘርቶ ነበር፤ እሱም ራሱ ግራ ገብቶት ተከተለን።

«ጥንቸል የለችም» አለኝ። «ከአሰሳው ወዲህ አንድም አላየሁም። ቀን ከሌት ጠብቄያለሁ። ይኸው እንደገና ይወድቃል።»

ሁመድም መጣ። ሰናይት የታመመውን ቡቃያ ነቅላ በመዳፉ ላይ አኖረችለት። ገለበጠው፤ አሸተተው።

«ይህን የወሰደው እግር የለውም?» አለ።

«የለውም» አለችው።

«እግር የሌለው ሌባ በምን ይታወቃል?»

«በውኃው። ውኃው የተኛበት ነው ፈለጉ።»

ሁመድ ቦዩን ይዞ አጎንብሶ ሄደ። ውኃው የሚቆምበትን ዝቅ ያለ ቦታ ሁሉ እየቆመ ተመለከተ፤ ባዶው አፈርም እዚያው እዚያው ነበር። በመጨረሻ አዲሱ ዘርና ውኃ ባልነካው የደረቀ ጭቃ ላይ የቀረ የቆየ የጥንቸል ዱካ አገኘና ጠራን። ዱካው ወደ ባዶው ቦታ መጥቶ፣ ዳር ዳሩን ዞሮ፣ ወደ ጤነኛው ቡቃያ አልፏል።

«አልገባችበትም» አለ ሁመድ። «ከእኛ ቀድማ አውቃለች።» ዱካውን ጥቂት ተመለከተና፣ «አንካሳዋ ነበረች» ብሎ ተነሣ።

ሽማግሌዎቹ በሦስተኛው ቀን ከግራሩ ሥር ተሰበሰቡ። መዲና ከሴቶቹ ጋር ለብቻዋ ተቀምጣለች። እኔን እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ምስክር መሃል አስቀመጡኝ። በዕድሜ ሁሉንም የሚበልጡት ሽማግሌ ውኃ አስጠጡኝ፤ ከዚያ ጠየቁኝ።

«ያን ቀን የት ቆመህ ነበር?»

«ዳሩ ላይ።»

«ከዳሩ እስከ መዲና ማሳ መሃል ምን ያህል ነው?»

«ከትናንት በስቲያ ስሄደው ስድሳ እርምጃ ነው።»

«ያን ቀንስ?»

«ያን ቀን አልሄድኩም።»

«ለምን?»

«ጭቃ ነበር። ሹፌሩም ይጠብቀኝ ነበር።»

አንድ ሰው ከኋላ፣ «ጫማው አዲስ ነበር እኮ! እኔ አይቻለሁ» አለ። ሳቅ ሆነ። ሽማግሌው ሳቁን በእጃቸው ምልክት አስቆሙት።

«ጥንቸል መሃሉን ስትበላ አየህ?»

«አላየሁም።»

«አየሁ ያለህ ሰው አለ?»

«የለም። ሁመድም አላለኝም። ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሠላሳ ዓመት ያህል ሰው ስጠይቅ ኖሬያለሁ። እንደዚያ ቀን በንጹሕ ጥያቄ የተጠየቅሁበት ጊዜ አላስታውስም። አላዋረዱኝም። ያየሁትን ካላየሁት ለዩት፤ ከዚያ በኋላ የሚቀር ነገር አልነበረም።

መዲና እንድትናገር ተጠየቀች። ወደ እኔ ሳትመለከት ተናገረች።

«ጠብቄያለሁ። እኔና ልጆቼ ተራ ገብተን ጠብቀናል። ጥንቸል ስትመጣ በድንጋይ እናባርር ነበር። ጠብቄያለሁ ስል ማንም አልሰማኝም፤ ሳጥኑ ተናግሯል አሉኝ።»

ሳጥኑ ማለቷ ራዲዮው ነው።

ፍርዱ ረጅም አልነበረም። እግር የሌለው ነገር በደንቡ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ መዲና ደንብ አላፈረሰችም። አዲሱም ሰውዬ አላጠፋም፤ የዘራውን እስኪያነሣ ይቆይ፤ ከዚያ መሬቱ ለመዲና ይመለስ፤ እሱም የተረኝነት ቦታውን አያጣም። በእኔ ላይ የተፈረደው ይህ ነው፦ ሳጥኑ በተናገረበት አፍ፣ በተናገረው ልክ ይመልስ።

«ጥንቸሏንስ ማን ይክሳታል?» አለ ያ የኋላው ሰውዬ። በዚህ ጊዜ ሽማግሌውም ሳቁ።

ሰመራ ተመልሼ ለአቶ ከድር ሁሉንም ነገርኳቸው። እርሳሳቸውን እንደያዙ አዳመጡ። እርማት ማስተላለፍ ያኔ የተለመደ አልነበረም። ከእሳቸው በላይ ያሉት፣ ዜናው አልፏል፣ አድማጭም ረስቶታል ይሉ ነበር።

«እነሱ ረስተዋል?» አሉኝ አቶ ከድር።

«አልረሱም።»

«ዜናው ስንት ጊዜ ነው የተላለፈው?»

«ሁለት ጊዜ። አንድ በአማርኛ፣ አንድ በአፋርኛ።»

«እንግዲያው እርማቱም ሁለት ጊዜ ነው። በዚያው ሰዓት።» ወረቀቴን ተቀበሉ። እርሳሳቸውን አነሡ፤ ከላይ እስከ ታች አነበቡ፤ እርሳሱን መልሰው አስቀመጡ። «ከዚህ የሚወጣ የለም» አሉ።

እርማቱ ይህ ነበር፦ «በገዋኔ አካባቢ የጥጥ ቡቃያ በጥንቸል ተበላ ብለን የነገርናችሁ ስህተት ነው። ዘጋቢው በማሳው ዳር ቆሞ ነበር፤ ወደ ውስጥ አልገባም። በዳሩ ያለውን ጥቂት ቡቃያ ጥንቸል በልታለች። በመሃሉ ያለውን ያጠፋው በአፈር ውስጥ የሚኖር የፈንገስ በሽታ ነው። ይህን በሽታ በጥበቃ መከላከል አይቻልም። የማሳው ባለቤት ጥፋት የለባትም።» ለእኔ አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከአቶ ከድር በላይ ካለ ቢሮ መጣ፤ በግል ማኅደሬ ገብቶ እስከ ጡረታዬ ቀን እዚያው ነበር።

መዲና መሬቷን ተረከበች። በሰናይት ምክር ዝቅ ያለውን ቦታ ደለደለች፤ አንድ ወቅት በቆሎ ዘራችበት፤ ቦዩን ውኃ እንዳይተኛበት አስተካከለች። ጥጥ እንደገና የዘራችው ከዚያ በኋላ ነው።

ቡቃያው እንደወጣ ሰማሁና ሄድኩ። በዚህ ጊዜ በአውቶቡስ ነው የሄድኩት፤ አውቶቡሱም ትቶኝ አለፈ። መዲና በማሳው ማዶ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ከልጆቿ ጋር ተቀምጣ ነበር። ከዳሩ ሆኜ እጄን አነሣሁ። አልተነሣችም። መቅረጸ ድምፁን አሳየኋት።

«የምነግርህ የለኝም» አለች ከማዶ ጮክ ብላ። «ዓይን አለህ፤ ግባ።»

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ጠዋት ውኃ ጠጥቷል፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። መደቡን አንድ በአንድ ሄድኩ፤ ወደ ማዶ ሄጄ ተመለስኩ፤ እንደገና ሄድኩ። ፀሐይዋ ወደ አናት ስትደርስ እሷ ዘንድ ደረስኩ። ትልቋ ልጅ ውኃ ሰጠችኝ። ጠጣሁ።

«ምን አየህ?» አለች መዲና።

ተቀምጬ በዳጉ ሥርዓት ነገርኳት። ዝቅ ያለው ቦታ ተደልድሏል፤ ውኃ አልተኛበትም። በመሃሉ የወደቀ ቡቃያ አለ፤ ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ አልሰፋም። የተቀረው ቆሟል። በምሥራቁ ጠርዝ ጥንቸል የቀነጠሰችው ሁለት ቡቃያ አለ።

አቋረጠችኝ።

«ሦስት ነው።»

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ፤ ተነሥቼ ወደ ምሥራቁ ጠርዝ ተመለስኩ። ጎንበስ ብዬ ቆጠርኩ።

ሦስት ነበር።